ስለ ጃፓን ጎራዴ አሰራር ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ካታና፣ ማለትም ስለ ረጅሙ የጃፓን ጎራዴ፣ ወሬ ከተነሳ ጀምሮ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ሙያዬ ብረታ ብረት ነው፣ ጎራዴ ሰሪ አይደለሁም፣ ግን ነገሩን ለብዙ አመት ስከታተለው ቆይቻለሁ። የፊልም ጥያቄም ይቻላል፣ መልሱ ላያስደስታችሁ ይችላል እንጂ።

ጥያቄ፦ ብረቱ ሺ ጊዜ ይታጠፋል ይባላል፣ እውነት ነው?

ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሺ ጊዜ ቢታጠፍ እጅህ ላይ የሚቀር ብረት የለም። በታጠፈ ቁጥር ላይኛው ገጽ እየተቃጠለ ተላጦ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው የሚታጠፈው። ሰው የሚሳሳተው የድርብርቡን ብዛት ከማጠፉ ጋር እየቀላቀለ ነው፣ አንዴ ሲታጠፍ 2 ይሆናል ሁለቴ ሲታጠፍ 4፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 15ኛው ላይ 32,768 ይደርሳል። የሚያጥፉትም ለምትሃት አይደለም፣ ከምድጃው የወጣው ብረት አንድ ቦታ ካርቦን የበዛበት ሌላ ቦታ ያነሰበት፣ መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ ቆሻሻ የያዘ ስለሆነ እየታጠፈ ሲቀጠቀጥ ቆሻሻው ተጨምቆ ይወጣል ካርቦኑም ይስተካከላል። ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣው ንጹህ ብረት ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም፣ ይሄን ስናገር የሚናደዱብኝ አሉ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ብረቱ ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? ማዕድን ቆፍረው ነው?

ከአሸዋ ነው። ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋ አለ፣ እሱን ከእንጨት ከሰል ጋር እያፈራረቁ ታታራ የሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩታል። ሺማኔ ግዛት ውስጥ ኦኩኢዙሞ የምትባል ቦታ ላይ የጃፓን የጎራዴ ጥበብ ጥበቃ ማህበር ከ1977 ጀምሮ ይሄን ስራ መልሶ አስነስቶታል፣ የሚሰራውም ብርዱ ሲበረታ ብቻ ነው። ሶስት ቀን ሶስት ሌሊት እሳቱ አይጠፋም፣ በአንድ ዙር 10 ቶን ገደማ አሸዋና 12 ቶን ገደማ ከሰል ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ምድጃውን አፍርሰው ስሩ የተጋገረውን 2.5 ቶን የሚሆን የብረት ቋጥኝ ጎትተው ያወጣሉ። ከዛ ውስጥ ታማሃጋኔ የሚባለው ምርጡ ብረት ትንሹ ክፍል ነው። እሱን ለቀጥቃጮቹ ያከፋፍሉታል።

ጥያቄ፦ ለምን ተጣመመ? ቀጥቅጠው ነው የሚያጣምሙት?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቀጥቃጩ ትንሽ ማጣመም ይሰጠዋል፣ ዋናውን የሚሰራው ግን ውሃው ነው። እንዲህ ነው፣ ጎራዴው ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሸክላ፣ የከሰል ዱቄትና የመሳያ ድንጋይ ዱቄት ተቀላቅሎ ይቀባል፣ ስለቱ ጋ ስስ፣ ደንደሱ ጋ ወፍራም። ከዛ ክፍሉን ያጨልሙታል፣ የሚጨልመው የብረቱን ቀለም በአይን ለማየት ነው፣ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥቃጩ ከሰሉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እያደረገ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አይነት ቅላት እስኪይዝ ይጠብቃል፣ ከ750 እስከ 800 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው፣ ከዛ በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ስሱ ሸክላ ያለበት ስለት ወዲያው ቀዝቅዞ በጣም ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ደግሞ መጠኑ ስለሚጨምር ይለጠጣል፣ ደንደሱ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ እንደዛ አይጠነክርም፣ ስለዚህ ስለቱ ገፍቶ ጎራዴውን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል። ትንሽ ከተሳሳተ ስለቱ ላይ ስንጥቅ ይወጣል፣ ሃጊሬ ይሉታል፣ ያ ከወጣ የወራት ልፋት አበቃ።

ጥያቄ፦ ስለቱ ላይ ያለው ነጭ ሞገድ ስዕል ነው እንዴ?

አይ እህቴ፣ ያ ሃሞን ነው፣ የጠነከረው ብረትና ያልጠነከረው የሚገናኙበት ድንበር። ሸክላው እንዴት እንደተቀባ ነው ቅርጹን የሚወስነው። ወደ መብራት አዘንብለሽ ስታይው ጠርዙ ላይ በአይን የሚለዩ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ፍሬዎች ካሉ ኒኤ ይባላሉ፣ እንደ ጉም የተዘረጋ ብቻ ከሆነ ኒዮይ ነው። ርካሽ ጎራዴ ላይ በአሲድ ነው የሚያስመስሉት፣ እሱን ብታዘነብዪውም ውስጡ ምንም የለም።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ነው የሚሰራው?

በጭራሽ። እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ ሰው ሁሉ ስለ ቀጥቃጩ ብቻ ማውራቱ ነው። ቀጥቃጭ አለ፣ አንጥረኛ አለ፣ ሰገባ ሰሪ አለ፣ እጀታ ጠምጣሚ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎራዴውን በድንጋይ እያሸ የሚወለውለው አለ፣ ቶጊሺ ይባላል። ቶጊሺው ከሻካራ ድንጋይ ጀምሮ እየለሰለሰ በሚሄድ ድንጋይ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ መጨረሻ ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ ቁርጥራጭ ድንጋዮችን በአውራ ጣቱ ስር አድርጎ ነው የሚያሸው። ሃሞኑ ራሱ ጎራዴው ሳይወለወል በደንብ አይታይም። መጥፎ ቶጊሺ እጅ የገባ ጎራዴ ቅርጹም ይበላሻል፣ የተበላው ብረት ደግሞ አይመለስም።

ሰገባውም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሆ ከሚባል የማግኖሊያ ዘር እንጨት ሁለት ግማሽ ተደርጎ ይቦረቦርና በሩዝ ሙጫ ይጣበቃል። ሩዝ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፣ በኋላ ውስጡ ሲቆሽሽ እንጨቱ ሳይሰበር እንዲከፈት። ስለቱ እንጨቱን መንካት የለበትም፣ ስሩ ላይ ያለችው ሃባኪ የምትባል ብዙውን ጊዜ ከመዳብ የምትሰራ ቀለበት ናት ጥብቅ አድርጋ የምትይዘው። እጀታው ደግሞ በሬይ አሳ ቆዳ ተሸፍኖ በገመድ ይጠመጠማል፣ ከጎራዴው ጋር የሚያያይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቀርከሃ ችካል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እጅ መከላከያው ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ምንድነው?

ቀለም አይደለም። ሻኩዶ ነው፣ መዳብ ውስጥ ጥቂት በመቶ ወርቅ ይገባና በመድሃኒት ሲቀቀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ጎቶ የሚባል የአንጥረኞች ቤተሰብ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህ ስራ ትውልድ በትውልድ ሲቀባበል ኖሯል። በ1876 ጎራዴ ይዞ መሄድ ሲከለከል እነዚህ አንጥረኞች ገበያቸው ጠፋና ብዙዎቹ ወደ ውጭ የሚላክ የአበባ ማስቀመጫና ጌጣጌጥ መስራት ጀመሩ፣ ዛሬ ሙዚየም የምታዩት ብዙ እቃ ከዛ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ቤት እቃ ሲሸጥ የድሮ ጎራዴ ገዛሁ፣ እጀታው ስር ያለው ሁሉ ዝጓል። በምን ላጽዳው ልጄ?

ጋሼ፣ በምንም እንዳያጸዱት! እጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍል ናካጎ ይባላል፣ ዝገቱ ሆን ተብሎ ነው የሚተወው፣ አዋቂዎች እድሜውን ከሚገምቱበት ነገር አንዱ የዝገቱ ቀለም ነው፣ ካጸዱት ዋጋውን በእጅዎ ጣሉት ማለት ነው። እዛው ላይ የሰሪው ስም ተቀርጾ ይሆናል፣ ግን የውሸት ፊርማ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ስለሆነ ስሙን አይተው ቶሎ አይደሰቱ። ትንሽ የተመታ ማህተም ካለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ለመኮንኖች በብዛት የተሰራ ነው፣ በባህላዊው መንገድ ያልተሰራ ማለት ነው። ስለቱን በባዶ እጅ አይንኩት፣ ላብ ያዝገዋል። ቢላ ለሚስል ሰው ደግሞ በምንም አይነት እንዳይሰጡት።

ጥያቄ፦ አዲስ ስንት ያወጣል?

ፈቃድ ካለው ቀጥቃጭ ከሆነ ከሚሊዮን የን ማለፉ የተለመደ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ 5 አመት አንድ መምህር ስር መማር አለበት፣ ከዛም በወር ከሁለት በላይ ረጅም ጎራዴ መስራት አይፈቀድለትም። ረጅም የሚባለው ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የጠመንጃ አፈሙዝ ይቆርጣል?

አይቆርጥም ወንድሜ። ስለቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ጠንካራ ብረት ሲመታ ይሸራረፋል፣ ለዛ ነው ውስጡ ለስላሳ ብረት ተደርጎ ውጪው በጠንካራው የሚሸፈነው፣ እንዳይሰበር። ለስጋና ለአጥንት የተሰራ እቃ ነው።