500 ሊትር የተጣራ ውሃ ቫን ላይ ለመሙላት ይህን ያህል ሰዓት ለምን ይፈጃል?

ከደቡብ ለንደን አንድ ወንድማችን ጥያቄ ልኮልኛል። መስኮት የሚያጸዳው በረጅም ዘንግ ብሩሽና በተጣራ ውሃ ነው። ጓሮው ውስጥ ሁለት ባለ 1000 ሊትር አይቢሲ ታንከር (በብረት ፍርግርግ የታቀፈ ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር) አለው፤ ውሃውን በአር ኦ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና በሬዚን (የቀረውን ማዕድን በሚይዝ እንክብል) አጣርቶ እዚያ ያጠራቅማል። ጠዋት ጠዋት ቫኑ ላይ ያለውን ባለ 500 ሊትር ታንከር የሚሞላው በቫኑ ባለ 12 ቮልት ፓምፕና በ15 ሜትር ባለ ግማሽ ኢንች የአትክልት ጎማ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ ፓምፑም ይግላል። በዚያ ላይ ጓሮ ውስጥ ዜሮ የሚያሳየው የቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን የሚለካው) ቫኑ ውስጥ 8 ይላል። «የትኛውን ፓምፕ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ፓምፕህ አልተበላሸም። ያለ ሥራው ነው ያስገባኸው። የቫን ፓምፕ የተሠራው ብሩሹ ጋ ግፊት እንዲኖር እንጂ ብዙ ውሃ ለማመላለስ አይደለም። በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ነው የሚሰጠው። 500ን ለ5 አካፍለው፤ 100 ደቂቃ ይመጣል። በየቀኑ እንዲህ ካሠራኸው ግን ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪውንም ከቤት ሳትወጣ ታደክመዋለህ።

ብዙ ሰው «ታንከሩን ከፍ አድርጌ በራሱ እንዲወርድ ባደርግስ?» ይላል። አልመክርህም። አይቢሲ መሬት ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ16 ሳንቲም አካባቢ ነው። ቫኑ ላይ ያለው ታንከር አፉ ከመሬት ሲለካ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ውሃው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በራሱ እንዲወርድ ከተፈለገ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ከአንድ ሜትር በላይ ልትሰቅል ነው። በትክክል ባልተሠራ መቆሚያ ላይ ቢወድቅ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ፤ ፓምፑን ብትቀይር እንኳ የሚያግድህ እሱ ነውና። ግማሽ ኢንች ጎማ ላይ ጠንካራ ፓምፕ ብታስርበት እንኳ የፓምፑን አቅም ያህል ውሃ አታገኝም። ውሃው ከጎማው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ጉልበቱን ይጨርሳል። ጎማውን ባለ 1 ኢንች ስታደርገው የቀዳዳው ስፋት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ፍትጊያው ስለሚቀንስ የሚያልፈው ውሃ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት ጎማውን ግዛ። ለመጠጥ ውሃ የሚሆን፣ ብርሃን የማያስገባ ቢሆን ይመረጣል። መሃል ላይ ጠባብ ፊቲንግ እንዳታስገባ፤ አንድ ግማሽ ኢንች ማያያዣ ሙሉውን ጎማ ከንቱ ያደርገዋል።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ጓሮህ ውስጥ መብራት ካለ ውሃ ውስጥ የሚጠለቅ ባለ 230 ቮልት ፓምፕ ይበቃሃል። እስከ 6 ሜትር የሚገፋ፣ በሰዓት 7000 ሊትር የሚል ፈልግ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ከፍታና ጎማ በሌለበት የተለካ ነው፤ አንተ ጋ ግማሹን ቢሰጥ ጥሩ ነው። ያም ቢሆን ታንከርህ ከ9 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይሞላል። ከመግዛትህ በፊት ግን ሜትር ይዘህ የአይቢሲውን አፍ ለካ። የብዙዎቹ አፍ 15 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ብዙ ፓምፖች አይገቡም። ካልገባ ውጭ የሚቀመጥ ፓምፕ ገዝተህ ከታችኛው ቫልቭ ጋር እሰረው። ውሃው በራሱ ወደ ፓምፑ ስለሚወርድ አየር አያስቸግርህም። የመምጠጫው ጎማ ግን ጠንካራ ይሁን፤ ለስላሳ ከሆነ ሲመጠጥ ይጣበቃል። ቆሻሻ ውሃ የነካ ፓምፕ አታስገባ። መስመሩም 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ማብሪያ) ይኑረው። ይህ ለድርድር አይቀርብም፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆመህ ነው የምትሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጎማውን ጫፍ ታንከሩ ውስጥ ጠልቆ እንዳትተወው። ፓምፑን ስታጠፋ ውሃው ዝቅ ወዳለው ታንከር መሳብ ይጀምራል። ወይ የሞላኸው ወደ ጓሮ ይመለሳል፣ ወይ ቫኑ ውስጥ ይፈሳል። ጫፉ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይንጠልጠል፤ የታንከሩም ክዳን አየር እንዲያስወጣ ክፍት ይሁን።

የቲዲኤስ መለኪያው ቫኑ ውስጥ ስለሚያሳየው 8 ደግሞ እናስላ። የለንደን የቧንቧ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ 300 አካባቢ ማንበቡ የተለመደ ነው። 500 ሊትር ንጹህ ውሃ 8 እንዲያነብ 13 ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ መቀላቀል አለበት። ጎማህ ግን ሲሞላ 2 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጎማውን ለሌላ ሥራ ብትጠቀምበትም እሱ ብቻውን 8 አያደርስህም። ውሃው አንድ ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ የጎማው ጫፍ ላይ ለካ። እዚያ ዜሮ ከሆነ ችግሩ የቫኑ ታንከር ነው፤ ታች የተጠራቀመ ደለልና የከረመ ውሃ እጠረጥራለሁ። ሙሉ በሙሉ አድርቀህ እጠበውና በተጣራ ውሃ አለቅልቀው። ጫፉ ላይም 8 ካለ ከአይቢሲው ቫልቭ ጀምረህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ተከታተል። የተጣራ ውሃ ብረት ይበላል፤ ናስ ወይም የተለበጠ ብረት ካገኘህ በፕላስቲክ ቀይረው።

ታንከሮቹንም በጥቁር ሸራ ሸፍናቸው። ነጩ ፕላስቲክ ብርሃን ያስገባል፤ በበጋ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። የሞቀና የቆመ ውሃ ደግሞ ሳንባ ለሚያሳምመው ለሌጅኔላ ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ ከ20 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተጠንቀቅ። ብሩሹ ውሃውን ስለሚረጨው አንተው ነህ የምትተነፍሰው። በክረምት ማታ ማታ ደግሞ ጎማውንና ፓምፑን አራግፈህ ግባ፤ አንድ የውርጭ ሌሊት ፓምፑን ይሰነጥቀዋል።