እዚህ ከተቀበረ ምንም የላችሁም የተባለው የወንድማችን ጉዳይ

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍል፣ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምጽፍላችሁ። ታላቅ ወንድሜ በዲቪ አሜሪካ ሄዶ እዛው ጦሩን ተቀላቅሎ አገልግሎ ነው የወጣው፣ ወገቡ ላይ ጉዳት ስለነበረው ከቪኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መስሪያ ቤት፣ በየወሩ የሚገባለት ገንዘብ ነበር። ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ አረፈብን። አላገባም፣ ልጅም የለው። እማዬ ልጄን በእጄ አፈር ሳላለብስ አልሞትም ስላለች ጓደኞቹ አዋጥተው አስከሬኑን ላኩልንና እዚሁ ቀበርነው። አሁን ከዛ የመጣ አንድ ሰው "አሜሪካ ቢቀበር መንግስት ሁሉንም ይችል ነበር፣ እዚህ ከቀበራችሁት ግን በቃ ምንም የላችሁም" ብሎን ሄደ። እማዬ የልጄን ክብር ያስቀረሁት እኔ ነኝ እያለች ታለቅሳለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ። እናትሽን ዛሬውኑ አጠገብሽ ቁጭ አርገሽ ንገሪልኝ፣ የልጇን ክብር አላስቀረችም። ልጇን አገሩ አስገብታ ቀብራለች፣ ከዛ ውጪ ሊቀር የማይገባው ነገር ደሞ አሁንም በእጃችሁ ነው።

ሰውየው ያለው ግማሹ ልክ ነው። እንደ ወንድምሽ አገልግሎ በደህና የተሰናበተ ሰው አሜሪካ ባለው የወታደሮች ብሔራዊ መካነ መቃብር ቦታው፣ ቁፋሮውና መድፈኑ፣ ድንጋዩ፣ የዘለቄታ እንክብካቤውም በነፃ ነው። ሳጥኑን፣ አስከሬን ማዘጋጀቱንና የፊውነራል ሆሙን (ቀብር አሰናጁን ድርጅት) ሂሳብ ግን እዛ ቢቀበርም የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፣ ስለዚህ "ሁሉንም ይችል ነበር" የሚባለው ተጋኗል። "ምንም የላችሁም" ያለው ደሞ ጭራሽ ስህተት ነው። እንዲህ አይነት ወሬ ስንቱን ሀዘንተኛ መብቱን ሳይጠይቅ እንዳስቀረው ሳስበው ያመኛል።

አንደኛ የመቃብር ድንጋዩ። ቪኤ የሚሰጠው ድንጋይ የትም አገር ላለ መቃብር ነው፣ አዳማም ያው ነው፣ ድንጋዩም ማጓጓዣውም በነፃ፣ ማቆሚያውን ብቻ እናንተ ትችላላችሁ። የሚጠየቀው በቅጽ 40-1330 ነው። እዚህ ጋ ግን ቀስ በሉ፣ ምክንያቱም በፎቶ የምናየው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነጭ እብነበረድ ወደ 104 ኪሎ ይመዝናል፣ እሱን ተረክቦ ቤተክርስቲያን ማድረስ መኪናም ጉልበትም ይፈልጋል። ጠፍጣፋው የነሐስ ሰሌዳ 8 ኪሎ ገደማ ነው፣ እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው። ስሙ፣ ያገለገለበት ጦር፣ የተወለደበትና ያረፈበት አመት ይቀረጽበታል፣ ከፈለጋችሁ ማዕረጉና መስቀልም ይጨመራል። ቅጹ ላይ እቃውን የሚረከብ ሰው ስምና ስልክ ስለሚጠየቅ ከመላካችሁ በፊት የደብሩን አስተዳደር አናግሩ፣ ድንጋይ መጥቶ በር ላይ ከሚቆም ቀድሞ መስማማት ይሻላል። መቃብሩን ቀድማችሁ አሰርታችሁት ከሆነም ችግር የለም፣ በተሰራው ሐውልት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የነሐስ ሜዳሊያ አለ፣ እሱ በቅጽ 40-1330ኤም ነው። ሁለቱንም ግን አይሰጡም፣ አንዱን ምረጡ።

ሁለተኛ ባንዲራው። ሳጥኑ ላይ ለብሶ ቆይቶ፣ ወደ ጉድጓድ ሳይወርድ በሶስት ማዕዘን ታጥፎ ለቅርብ ዘመድ የሚሰጠው ማለቴ ነው። ያኔ ካልተሰጣችሁ በኋላም በቅጽ 27-2008 ይጠየቃል፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢጠይቅላችሁ ይቀላል። ለአንድ ሟች አንድ ብቻ ነው። በፕሬዚዳንቱ ስም የሚሰጥ የመታሰቢያ ሰርተፊኬትም አለ፣ ይሄ ግን ከአንድ በላይ ይሰጣል፣ ለእናትሽም ላንቺም ለየብቻ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሶስተኛ ገንዘቡ፣ ሰው በጣም የሚሳሳትበት እሱ ላይ ነው። የቀብር አበል ለማንኛውም የቀድሞ ወታደር አይሰጥም፣ ወንድምሽ ግን ለጉዳቱ በየወሩ ይከፈለው ስለነበር በሩ ክፍት ነው። ሞቱ በአገልግሎት ምክንያት ከመጣ ጉዳት ወይም በሽታ ጋር የተያያዘ ከሆነ እስከ 2,000 ዶላር ነው፣ ለመጠየቅም የጊዜ ገደብ የለውም። ካልተያያዘ ግን ከተቀበረ በ2 አመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፣ መጠኑም በየአመቱ ይሻሻላል፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ላረፈ ሰው 978 ዶላር ተብሎ ነበር፣ ብሔራዊው መካነ መቃብር ስላልተቀበረ ለመቃብር ቦታ የሚባልም ለብቻው አለ። ቅጹ 21ፒ-530ኢዜድ ይባላል። ሚስትና ልጅ ከሌለ እናት መጠየቅ ትችላለች። ወጪውን ማን ሸፈነ የሚለው ላይ ጓደኞቹ ያዋጡትን ጭምር እንዳለ በእውነት ጻፉ፣ የፊውነራል ሆሙንና የካርጎውን ደረሰኝ ደሞ አሁኑኑ ከጓደኞቹ አስልኩ፣ ሰው ቤት ሲቀይር ወረቀት ይጠፋል።

ሞቱ ከአገልግሎቱ ጋር ከተያያዘ ደሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወላጆች የሚሰጥ ወርሃዊ ክፍያም አለ፣ ለእናትሽ በቅጽ 21ፒ-535 አመልክቱ። ለዚህ ወሳኙ የሞት ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው የሞት ምክንያት ነው፣ አውጡና በደንብ አንብቡት።

ይሄን ሁሉ የሚከፍተው ግን አንድ ወረቀት ነው፣ ዲዲ 214 ይባላል፣ ከጦሩ ሲሰናበት የተሰጠው ማስረጃ። እቃው ውስጥ ካልተገኘ ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ይወጣል፣ እናት ብቻ ሳትሆን እህትም እንደ ቅርብ ዘመድ መጠየቅ ትችላለች፣ ስለዚህ አንቺው ጀምሪው። ቅጾቹ በሙሉ ነፃ ናቸው። እኔ ልጨርስላችሁ ብሎ ኮሚሽን የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ አትስሙት።

ጥያቄ፦ እኔ አሜሪካ ጦር ውስጥ 4 አመት አገልግዬ በክብር ተሰናብቻለሁ፣ አሁን ለእረፍት ቤተሰቤ ጋ ቦኩ ነው ያለሁት። ባለቤቴ ወደ አሜሪካ ልትመጣ ነው። አንድ ነገር ብሆን ምን እንደሚደረግ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚህ ለመቀበር ብፈልግ አውሮፕላኑን ይከፍላሉ? እሷስ ከኔ ጋር መቀበር ትችላለች? የእህቴ ልጅ ደሞ አሁንም በስራ ላይ ነው፣ ለሱም አንድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ እድሜ ይስጥህ፣ በጤናህ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሟርት ነው ብሎ ዝም የሚለው ስለሚበዛ ነው ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ወረቀት የሚያስሰው።

ከጦሩ ከወጣህ በኋላ ለሚሆነው ነገር የአዲስ አበባ ካርጎውን ቪኤ ይከፍላል ብለህ አትቁጠር፣ እዚህ መቀበር ከፈለክ ለሱ የሚሆን ኢንሹራንስ ወይ ቁጠባ ይኑርህ። ለእህትህ ልጅ ግን ነገሩ ይለያል። በስራ ላይ እያለ ለሚሞት ወታደር ጦሩ ራሱ አስከሬኑን ቤተሰብ ወዳለው ቦታ በመንግስት ወጪ ያደርሳል፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ 100,000 ዶላር አለ፣ በወታደሮቹ የህይወት ኢንሹራንስ ደሞ ከ2023 ጀምሮ እስከ 500,000 ዶላር መግባት ይችላል። እሱ መፈተሽ ያለበት አንድ ነገር ነው፣ ተጠሪና ተጠቃሚ ብሎ የማንን ስም እንዳስመዘገበ። የድሮ ገርልፍሬንዱን ስም ሳይቀይር የቀረ እንዳይሆን በለው።

ባለቤትህ ብሔራዊው መካነ መቃብር ከአንተ ጋር ትቀበራለች፣ አንተን ብትቀድምህም እንኳን መብቷ ነው። ከፈለክ በቅጽ 40-10007 ብቁ መሆንህን ከአሁኑ አረጋግጥ፣ ቦታ ግን አስቀድሞ አይያዝም። አዳማ መቀበር ብትመርጥም የወታደር ስንብቱ አይቀርብህም፣ ሳጥኑ ከመሸኘቱ በፊት እዛው ባለው ቤተክርስቲያን ሊደረግ ይችላል፣ ቢያንስ ሁለት ወታደሮች መጥተው ባንዲራውን ያጥፋሉ፣ መለከቱም ይነፋል፣ ለፊውነራል ሆሙ ቀድሞ መናገር ብቻ ነው። ለባለቤትህ የዲዲ 214 ኮፒ ስጣት፣ የት እንደምትቀበርም በአፍህ ንገራት።

ጥያቄ፦ አባታችን የኛው አገር መከላከያ ጡረተኛ ነበር፣ ካረፈ ጥቂት ወር ሆነው። እድሩ በደንብ ቀበረልን፣ አሁን እናታችን የሱን ጡረታ በሱ ደብተር እያወጣች ነው። ያስጠይቃት ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ ስለዚህ ቶሎ አቁሙ። ከሞተ በኋላ የወጣው በኋላ እንደ እዳ ይመጣባታል። እሷ የራሷ መብት አላት፣ የሟች ሚስት የጡረታውን ግማሽ በራሷ ስም ታገኛለች፣ ከ18 አመት በታች ልጅ ካለም ለልጁ የራሱ ድርሻ አለው። ከወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ፣ የጋብቻ ማስረጃዋንና የሱን የጡረታ መታወቂያ ያዙና ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ሂዱ፣ ሞቱንም እዛው አስመዝግቡ፣ የወጣውንም አትደብቁ። የጋብቻ ወረቀት የለንም ካላችሁ፣ ብዙ እናቶች የላቸውም፣ በሽማግሌ ተጋብተው ነው የኖሩት፣ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክር ፍርድ ቤት ማስወሰን ይቻላል። ሰርጉን የሚያውቁ ጎረቤቶች በህይወት እያሉ ብታደርጉት ነው የሚሻለው።