ፍጥነቱን ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱን እዩ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ፕሮሰሰርን (የኮምፒዩተሩን አንጎል) በሶፍትዌር ኦቨርክሎክ ስለማድረግ፣ ማለትም ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ስለማስሮጥ ናቸው። በየተራ እንያቸው።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዛሁ፣ ኮር አይ5-6500 ነው። ኤክስቲዩ የሚባለውን የኢንቴል ፕሮግራም ጭኜ ፍጥነቱን ልጨምር ብል እምቢ አለኝ።

ፕሮሰሰርህ ተቆልፏል። ኢንቴል በአብዛኛው የሚፈቅደው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ላለባቸው ነው፤ ማዘርቦርዱም (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) መፍቀድ አለበት። ኮምፒዩተርህ አሁንም በሀርድ ዲስክ የሚነሳ ከሆነ ብርህን ኤስኤስዲ (ከሀርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ አውለው። ልዩነቱን በዕለቱ ታየዋለህ።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ዋስትና ያሳጣል?

ኦቨርክሎክ ያመጣውን ጉዳት ፕሮሰሰር አምራቾቹ ኢንቴልም ኤኤምዲም በመደበኛ ዋስትናቸው አይሸፍኑም።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ደግሞ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰሩን ራይዘን ማስተር በሚባለው የኤኤምዲ ፕሮግራም ከ4.0 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ቮልት አድርሶታል። ፋኑ አብሮ የመጣው ነው። ሬንደር ሲያደርግ (ያቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ሲያወጣ) ሙቀቱ 93 ዲግሪ ይደርስና ማሽኑ ድርግም ይላል።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ወደ ነበረበት መልሰው። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው። የፍጥነት ጭማሪው 10 በመቶ ነው። ኃይል ግን በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ በቮልቴጁ ሁለት ጊዜ ይባዛል። ስታሰላው የምታገኘው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት ነው። የአንድ ሰዓት ሬንደር ቢበዛ 5 ደቂቃ ተኩል ቀድሞ ያልቅልሃል፤ ለዚህ ነው ማሽኑ የሚነደው? አዲስ አበባ ከሆንክ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መጥፋቱ አይደለም። ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ሳይጠፋም ስሌት ይሳሳታል። ፋይሉ ይበላሻል፣ አንተም የምታውቀው ሰው ሲከፍተው ነው። የሰው ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም። ስለዚህ መጀመሪያ የቀረጻውን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ የፋኑን አቧራ ጥረግ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀይር። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከፈለግክ የተሻለ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) ግዛ። ቮልቴጁን ሳትነካ በ25 በ25 ሜጋኸርዝ ጨምር፤ በእያንዳንዱ ደረጃ እውነተኛ ሥራህን የሚያህል ጊዜ ፈትነው። 85 ዲግሪን ካለፈ ተመለስ።

ቨርጂኒያ ያለች እህታችን ኮር አይ9-13900ኬ አላት። ምንም ሳትነካው ጌም በመሃል ይዘጋባታል።

እንደ አንቺው ያሉ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ አንዳንድ የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ 2024 ላይ ታውቋል። ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለውን የማስነሻ ሶፍትዌር) አሻሽዪ። ማሻሻያው ግን የተጎዳውን አያድንም። ኢንቴል ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል፤ ችግሩ ከቀጠለ ቅያሪ ጠይቂ።

አንድ አባት፦ ልጄ ኮምፒዩተሩን ኦቨርክሎክ ካደረገ ወዲህ ኬዙን ሲነካ ይነዝረዋል። ሶፍትዌሩን ላጥፋው?

አባቴ፣ ሶፍትዌሩን ይተዉት፤ መጀመሪያ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ንዝረት ከፕሮሰሰር ፍጥነት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ከሌለው የቤት መስመር ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ በባለ ሁለት ማከፋፈያ መሰካትም ያመጣዋል። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ራሱ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። እሱን ማንም ቤት ውስጥ እንዳይከፍተው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል። የኮምፒዩተር ጠጋኝ ብቻውን አይበቃም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ መስመሩን ሳይለካ መልሰው እንዳይሰኩት።