ዊኪፒዲያ ላይ ያስተካከልኩት ለምን ይመለሳል? ብለው ለጠየቁት ወንድማችን

ጥያቄዎ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የትውልድ ከተማዎ የሕዝብ ብዛትና የተቆረቆረበት ዓመት ተሳስቶ አገኙት። አስተካከሉ፤ አንድ አርታዒ ወዲያው መለሰው። ደጋግመው አስተካከሉ፤ በመጨረሻ ለ24 ሰዓት ታገዱ። «ሰውዬው ጠላታችን ነው ወይስ ተከፋይ? እንዲህ ከሆነስ ልጆቻችን ይህን ነገር ማመን አለባቸው?» ብለዋል።

እገዳው ከጥላቻ ጋር አይገናኝም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ ከቀለበሰ ይታገዳል። አንዴ የሕዝቡን ቁጥር፣ አንዴ ዓመተ ምሕረቱን ቢሆንም ሁሉም ይደመራል። አስተዳዳሪው፣ ማለትም የማገድ ሥልጣን የተሰጠው አርታዒ፣ እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ አይመረምርም፤ ልክ የሆነውም ሰው ይታገዳል። 3 ማለት ደግሞ ኮታ አይደለም፤ በቀን ሁለት ሁለቴ እየቀለበሱ ሳምንት የሚዘልቁም ይታገዳሉ። በእኛ አካባቢ ጉዳዮች ላይ ትዕግሥቱ ይበልጥ አጭር ነው። የዊኪፒዲያው የግልግል ኮሚቴ የአፍሪካ ቀንድን አከራካሪ ርዕሶች ከሚላቸው ጋር ስለመደበው፣ አስተዳዳሪዎች አንድን ሰው ከርዕሱ ለማራቅ ብዙ አይጨነቁም።

የሕዝብ ቁጥሩ የተመለሰበት ምክንያት ከግርጌ ማስታወሻው ጋር ስለተጣላ ይመስለኛል። የአገራችን የመጨረሻ ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያኔ 2,739,551 ሰው ነበራት። ከተማዋ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ እንደምትበልጥ ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ሰው ቁጥሩን ብቻ ለውጦ የቆጠራውን ምንጭ እንዳለ ሲተወው፣ ምንጩ ያላለውን እንዳለ ይሆናል። ያለ ማብራሪያ የተለወጠ ቁጥር ደግሞ ገጽ ለማበላሸት የሚገቡ ሰዎች የታወቀ ምልክት ስለሆነ፣ ገጹን የሚከታተለው ሰው ሁለቴ ሳያስብ ይቀለብሰዋል። መፍትሔው የቆጠራውን ቁጥር ሳይነኩ፣ ከጎኑ የስታቲስቲክስ አገልግሎትን የቅርብ ጊዜ ግምት ከነዓመቱና ከነምንጩ መጨመር ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነገር ሳይኖር አይቀርም። የዓድዋ ድል በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በእነርሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ 1896ን «ተሳስቷል» ብሎ ወደ 1888 የሚለውጥ ሰው ልክ የሆነውን አበላሸ ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ወሩ ያልታወቀ ዓመት ሲሆን ሁለቱንም ይጻፉ፤ 1845 ዓ.ም. ማለት 1852/53 ነው። የአማርኛ መጽሐፍ የታተመበት ዓመትም እንዲሁ ካልተጻፈ፣ አንባቢው መጽሐፉን በቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ፈልጎ ያጣውና «የለም» ይላል።

«እኔ እዚያ ተወልጄ አድጌ፣ አባቶች የነገሩኝን» የሚለው ክርክር እዚያ ቤት አይሠራም። ይህ ለእኛ ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮት የራሱ ልብ ወለድ መነሻ ተሳስቶ ተጽፏል ብሎ ሲያመለክት፣ ሌላ የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል ተባለ። እሱም ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ በዘ ኒው ዮርከር መጽሔት አወጣው፤ ያ ሲታተም ገጹ ያንን ጠቅሶ ተስተካከለ። እንዲያውም ደንቡ ያልተመቸው ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ለእኔ ግን ደንቡ ትክክል ነው፤ ማንም ተነስቶ «ደራሲው እኔ ነኝ» ማለት ይችላላ።

ምንጭ ስንል የአማርኛ መጽሐፍ ይፈቀዳል። ከተጠራጠሩ ዋናውን ዐረፍተ ነገር ከነትርጉሙ ሊጠይቁዎ ይችላሉ፤ ስለዚህ ገጹን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። የገጽ ቁጥር የሌለው ምንጭ ግማሽ ምንጭ ነው። የደራሲውን ስም «የአባት ስም፣ ስም» ብለው አይገልብጡ፤ የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ዊኪፒዲያም ይህን ይቀበላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በማስተርስ ጥናቶች ነው። የየከተማችን ታሪክ በብዛት ያለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፎች ውስጥ ነው፤ የዊኪፒዲያ ደንብ ግን የዶክትሬት ጥናትን ሲቀበል ማስተርስን የሚቀበለው በሌሎች ምሁራን ዘንድ ተጽዕኖ ማሳደሩ ከታየ ብቻ ነው። የማስተርስ ጽሑፉን መጨረሻ ይግለጡና የጠቀሳቸውን መጻሕፍት ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ያው መረጃ በባሕሩ ዘውዴ፣ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ወይም በ5 ቅጽ በታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ ውስጥ ይገኛል። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ የከተማው አስተዳደር በራሪ ወረቀት ለክርክር አያዋጡም።

ምንጩ በእጅዎ ካለ ገጹን አይንኩ፤ ከላይ «ውይይት» (Talk) ወደሚለው ይሂዱና እዚያ ይጻፉ፣ የቀለበሰውን ሰው በስሙ ጠርተው። አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ ሰዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። መልስ ካልመጣ «በውይይት ገጹ እንደተገለጸው» ብለው ለውጡን ያስገቡ። ከተቃወመና ክርክሩ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ብቻ ከሆነ «ሦስተኛ አስተያየት» የሚባል መጠየቂያ አለ፤ ያልነበረበት ሰው መጥቶ ያያል። ያ ካልበቃ ለሁሉም ክፍት የሆነ አስተያየት መጠየቂያ ይከፈታል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይቆያል። በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ ምንጭ የለሽ ክስ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይነሳል፣ የ3 ጊዜውም ገደብ አይመለከተውም።

በቴሌግራም ግሩፕ «ኑና ደግፉኝ» ማለት ጉዳዩን ይገድለዋል። ድምፅ አይቆጠርም፤ በአንድ ቀን የተከፈቱ 10 አካውንቶች አንድ ዓይነት ነገር ሲሉ ሁሉም አብረው ይታገዳሉ። ሁለተኛ አካውንት መክፈት ከዚህ የባሰ ነው፤ የተፈቀደላቸው መርማሪዎች እስከ 90 ቀን የኢንተርኔት አድራሻዎን ማየት ይችላሉ። ቪፒኤን ከፍተው ሊያርሙ ሲሉ «ታግደሃል» ካለዎት ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ የታገደው ቪፒኤኑ ነው፤ ይዝጉትና ይሞክሩ።

ልጆቻችን ይመኑት ወይ ላሉት፦ ጥያቄው የትኛውን ገጽ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ለባለሙያዎች አስመርምሮ በዊኪፒዲያ 162፣ በብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ 123 ስሕተት ቆጥሯል። ብሪታኒካ አሠራሩን በብርቱ ተቃውሟል፤ ቢሆንም ሰዎች እስከ ዛሬ ያንን ይጠቅሳሉ። ያ ግን ብዙ ዓይን የሚያያቸው የሳይንስ ርዕሶች ናቸው። በአንጻሩ በሕንድ ጎዋ ውስጥ ተደርጎ ስለማያውቅ «የቢቾሊም ጦርነት» የሚያወራ ገጽ ከ2007 እስከ 2012 ቆይቷል፤ «ጥሩ ጽሑፍ» የሚል ማዕረግም ተሰጥቶት ነበር፤ የጠቀሳቸው መጻሕፍት ግን አልነበሩም። ስለዚህ የግርጌ ቁጥር መኖሩን ሳይሆን ሲከፈት ያንን ነገር ማለቱን ይዩ። ምንጩ የጋዜጣ ድረ ገጽ ከሆነ የወጣበትን ቀን ከገጹ «ታሪክ» ጋር ያስተያዩ፤ ዐረፍተ ነገሩ ዊኪፒዲያ ላይ ከጋዜጣው በፊት ከነበረ ጋዜጣው ከዚያው ገልብጦ ሊሆን ይችላል። በታሪክ ገጹ የሚታየው ሰዓት፣ አካውንትዎ ላይ ካልቀየሩት፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው።

የአማርኛው ውክፔዲያ ጸጥ ያለ ነው፤ ማንም አይቀለብስዎም፤ ችግሩም እሱ ነው፣ የሚያይ ሰው ጥቂት ስለሆነ ስሕተት ዓመታት ይቀመጣል። እዚያ የገጹን ታሪክ ሲያዩ የለውጡን መጠን የሚያሳየው የባይት ቁጥር አያስደንግጥዎ፤ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ +300 ማለት 100 ፊደል ያህል ብቻ ነው።

እገዳው ሲያበቃ በውይይት ገጹ ላይ ይህን በእንግሊዝኛ አድርገው ይጻፉ፦ «የ3 ጊዜውን ደንብ አላወቅኩም ነበር፤ አይደገምም። አሁን ያለው ዐረፍተ ነገር፦ (ይቅዱት)። እንዲሆን የምጠይቀው፦ (ይጻፉት)። ምንጭ፦ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር፣ ገጽ። ዋናው አማርኛና ትርጉሙ ከታች አለ።» ስለ ሰውዬው አንድም ቃል አይጨምሩ፤ የሕዝብ ቁጥሩንና የዓመቱን ጉዳይም በሁለት የተለያዩ ርዕሶች ያቅርቡ፣ አንዱ ቢያከራክር ሌላው እንዳይታሰር።