የአደራ ልጃችንን እናቷ ብትጠይቀንስ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የጎንደሯ አዘዞ ነዋሪዎች ነን። ተጥላ የተገኘች ጨቅላ ሕፃን በአደራ ወስደን፣ ወላጅ ካልተገኘ በጉዲፈቻ ልናሳድጋት አስበናል። እናቷ ብትመጣስ? 80 ቀኗ ሲሞላስ በባለቤቴ ስም አስመዝግበን ክርስትና ብናስነሳት?

መልስ፦ እናቷ መጥታ ማሳደግ እንደምትችል ከተረጋገጠ ሕፃኗ ወደ እሷ ትመለሳለች። ይህን ከአሁኑ አምናችሁ ተቀበሉ፤ ከከበዳችሁ የወላጅ ፍለጋው እስኪያልቅ ቆይታችሁ ጉዲፈቻውን ብቻ ጠይቁ። ሕፃን ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ከአሳዳጊው ጋር በግልጽ ይጣበቃል፤ ከቤት ቤት ማዘዋወር ይጎዳዋል። ነገ ምን ይሆን የሚለውን ጭንቀት እናንተ ተሸክማችሁላት፣ እሷ አንድ እቅፍ ትልመድ።

መነሻችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ገቢያችሁን፣ ጤናችሁን፣ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ያያል። በደላላ በኩል ልጅ አትቀበሉ። ስትረከቡ የፖሊስ ሪፖርት፣ የርክክብ ደብዳቤና የክትባት ካርድ ያዙ (የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ክትባት እንዳያልፋት)። ስትገኝ የለበሰችውን ልብስ ፖሊስ ካልያዘው አስቀምጡት፤ እናት ነኝ የምትል ስትመጣ ለማጣራት ይረዳል።

ስሙ ላይ ግን አደራ! እንደ ወለዳችኋት አድርጎ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ሐሰተኛ ምዝገባ ነው፤ በኋላ ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ሰነዶቻችሁ ይጋጫሉ፣ ወላጅ ፍለጋውም ይሰናከላል። ክርስትናውን ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ አስፈቅዳችሁ አስነሱ፤ የአባት ስም ፍርድ ቤትን ይጠብቅ።

በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጉዲፈቻ አድራጊ (ባልና ሚስት ከሆኑ ቢያንስ አንዳቸው) 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ባልና ሚስት አብረው ይስማማሉ፤ ውሉም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሲጸድቅ እንኳ ከትውልድ ቤተሰቧ ጋር ያላት ዝምድና አይቋረጥም። ጎንደር የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ ማመልከቻችሁን በእሱ አዘጋጁ፤ ከጸደቀ በኋላ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ።

እናቷ ከመጣች መጀመሪያ የምትገናኙት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ፣ ባለሙያው ባለበት ይሁን። መመለሷ ከተወሰነ በአንድ ቀን እንዳትለዩዋት፤ እናቷ ለተከታታይ ቀናት እየመጣች እንድታበላት፣ ገላዋን እንድታጥባት፣ እንድታስተኛት ጠይቁ። የወተቷን ዓይነትና መጠን፣ የእንቅልፍ ሰዓቷን ጽፋችሁ ስጧት፤ ሽታውን የለመደችውን ብርድ ልብስም ሳታጥቡ አብራችሁ ላኩት።