ካርድ ክፍሉና ላብራቶሪው እንዲነጋገሩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል አይቲ ክፍል ነው። ካርድ ክፍሉና ላብራቶሪው የየራሳቸው ሲስተም አላቸው፤ ስለማይነጋገሩ የላብ ባለሙያዎቹ የታካሚውን ስምና ዕድሜ እንደገና በእጅ ያስገባሉ። ሚርዝ ኮኔክት በሚባለው የጤና ሲስተሞችን በሚያገናኝ ሶፍትዌር ላገናኛቸው ስዘጋጅ «እሱ እኮ ነፃ መሆኑ ቀረ» አሉኝ። ምን ይሻለኛል?
ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነታቸውን ነው። ባለቤቱ ኔክስትጄን እ.ኤ.አ. በ2025 ከ4.6 ጀምሮ ያለውን ቨርዥን በክፍያ ብቻ አድርጎታል። ከዚያ በፊት የነበረው 4.5.2 ግን በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት በሚያደርግ ፈቃድ የወጣ ስለሆነ ዛሬም መጠቀም ትችላለህ፤ ጣጣው የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንልህ አለመኖሩ ነው። እኔ ብሆን ከዚያው ኮድ ተነሥቶ በማኅበረሰብ የሚሠራውን ኦፕን ኢንተግሬሽን ኢንጂንን እመርጣለሁ። የደቡብ አፍሪካው ድርጅት ጄምቢ የሠራው ኦፕን ሂምም አለ፤ እሱ ብዙ ተቋማትን በአንድ በር ለማስተናገድ ስለሆነ ለአንተ ይበዛል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ቀኑ ነው። ሲስተሞቹ የሚነጋገሩበት ኤችኤል ሰቨን የሚባለው የመልእክት ቋንቋ የትውልድ ቀንን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጠብቀው። ካርድ ክፍሉ ጥቅምት 30 ቀን 1980ን እንዳለ 19800230 (ዓመት፣ ወር፣ ቀን) ብሎ ቢልክ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ መልእክቱ ይመለሳል፣ አንተም ታውቃለህ። ሚያዝያ 5 ቢሆንስ? 19800805 ሆኖ ኦገስት 5 ተብሎ ዝም ብሎ ያልፋል። ትክክለኛው ኤፕሪል 13 ቀን 1988 ነበር! በዚህ ዓይነት የ3 ዓመት ሕፃን ላብራቶሪው ዘንድ የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ይሆናል፤ የሄሞግሎቢን መጠን «ደህና ነው» የሚባለው ደግሞ በዕድሜ ስለሆነ ሐኪሙ ውጤቱን በተሳሳተ መለኪያ ያነበዋል።

ስምም እንደዚሁ ነው። መልእክቱ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የለንም፤ አንዱ ሲስተም የአባት ስም፣ ሌላው የአያት ስም ያስገባበታል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ብለህ ብትጽፍ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ስለዚህ ታካሚውን በካርድ ቁጥሩ አገናኝ እንጂ በስሙ አትፈልገው።

ደግሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ መልእክቱን ወደ ላብራቶሪው በሚወስደው ቻናል (መስመር) ላይ ኪዩውን፣ ማለትም ያልደረሰ መልእክት የሚቆይበትን ወረፋ አብራ። ሶፍትዌሩ ሲጫን ኪዩው ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ካላበራኸው መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ መልእክቱ ቆሞ አይጠብቅህም።

ሥራ ሳታስጀምር በፊት ጳጉሜን 3 የተወለደ የሙከራ ታካሚ መዝግበህ ላክ። ላብራቶሪው ላይ ሴፕቴምበር 8 ብሎ እስኪወጣልህ ድረስ የእውነተኛ ታካሚ መረጃ አታሳልፍበት።