ሞትን ማሰብ ሟርት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። አብሮ አደጌን ከቀበርን ወዲህ ሞትን ማሰብ አልተውኩም። ቤት ውስጥ ሳነሣው ባለቤቴ «ሟርት አታውራ!» ትለኛለች። ሕይወቴን ልለውጥ እነሣለሁ፤ በሳምንቱ ይረሳኛል። እናቴ ጉራጌ አገር ናት፤ የማያት ለመስቀል ብቻ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለቤትዎ የሰጉት በከንቱ አይደለም። ሌሊት መኝታ ላይ የሚመጣ የሞት ሐሳብ ድንጋጤ ጥሎ ይሄዳል እንጂ አንድም ነገር አያሠራም። በቀጠሮ ያስቡት፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው፣ ለ20 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ ይነሡ።

«ሕይወቴን እለውጣለሁ» ብለው ግን አይጻፉ። ውሳኔዎ የሚረሳው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ስለማይነግርዎ ነው። ይልቅ ሂሳብ ይሥሩ። እናትዎ 72 ዓመታቸው ነው እንበል፤ እስከ 82 ቢቆዩ የቀራችሁ 10 መስቀል ነው። ከዚያም ላይ አንድ ሁለቱ «ዘንድሮ ሥራ በዛብኝ» እየተባለ ያልፋል። ይህን ጽፎ ያየ ሰው ለፋሲካም አውቶቡስ ይሳፈራል።

ቶማስ ጊሎቪች እና ቪክቶሪያ ሜድቬክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ ሰው በቅርቡ የሚቆጨው ባደረገው ነገር ነው፤ ዘመን ሲርቅ ግን ይበልጥ የሚቆጨው ባላደረገው ነው። ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ ያላደረጉትን ይዘርዝሩ፤ ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ መርጠው ቀን ይቁረጡለት። አሥሩንም ባንዴ የጀመረ ሰው አሥሩንም ይተዋል። ሐሳቡ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳዎ ወይም ልብ እያስደለቀ ከሥራ ካስቀረዎ ግን ወረቀቱን ትተው ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ኑዛዜያችንን አንድ ወረቀት ላይ በኮምፒዩተር አስጽፈን፣ ሁለት ጎረቤቶች ፈርመውበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠናል። አሁን ልባችን አርፏል፤ ትክክል ነን? (ከአዳማ)

መልስ፦ አሳባችሁ መልካም ነው፣ ወረቀቱ ግን አይሠራም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰዎች ባንድ ሰነድ ላይ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ዋጋ ያሳጣዋል። ለየብቻ ጻፉ።

ምስክሮቹም አንሰዋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አታድርጉ፤ ክርክር የሚነሣው ከዚያ ነው።

ምስክር ካልፈለጋችሁ ኑዛዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃችሁ ጻፉት። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። ጣጣው ግን ቁም ሣጥኑ ነው፦ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ በ7 ዓመት ይፈርሳል።

ይዘቱንም አስተውሉ። የጋራ በሆነው ቤት ላይ እያንዳንዳችሁ መናዘዝ የምትችሉት በድርሻችሁ ብቻ ነው። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግም ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ ግዴታው ነው፤ ስሙን ዘሎ ማለፍ ብቻ አይነቅለውም።

«እኔ በሕመሜ ሰዓት በቃሌ እናዘዛለሁ» የሚል ብዙ ነው። የቃል ኑዛዜ 2 ምስክር ይፈልጋል፤ የሚያገለግለውም ለቀብር ሥርዓት፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና ለእያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። (በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብር ነበር!) ተናዛዡ ከተናዘዘ 3 ወር አልፎት በሕይወት ካለ ደግሞ ይሻራል። አልጋ ላይ ሆኖ «ቤቱ ለትንሿ ይሁን» ያለ አባት ለልጆቹ ያወረሰው ክርክር ነው።

የዕድር ደብተር፣ የብድር ወረቀት፣ የባንክ ደብተር የት እንዳለ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ብድር ያለበት ሰው የሰጪውን ስምና የቀረውን መጠን ይጨምር።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን 6 ዓመት ሆነን። ሳንታረቅ አንዳችን እንዳንሞት እፈራለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ይላኩ፤ ሦስትና አራት ሲሆኑ ነገሩ ችሎት ይመስላል። ሽማግሌው የሚያደርሰው መልእክት «ልይህ እፈልጋለሁ» የሚል ብቻ ይሁን። ማን እንደበደለ በመጀመሪያው ቀን አይነሣ፤ የጠባችሁ ሥር መሬት ወይም ቤት ከሆነም ለሌላ ቀን ይቆይ። ወንድምዎ እምቢ ቢል ሽማግሌውን ቶሎ አይመልሱ። ጾም መፍቻ ወይም የልጅ ክርስትና ጠብቀው ይላኩ፤ በግብዣ ቀን እምቢ ማለት ይከብዳል።